የእሁዱ ግለ ሂስ

አባታችሁ ሰክሮ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ አንድም ቀን ያልጠየቃችሁ ቀበሌ፣ መጠጥ ባቆመ በሁለተኛው ወር «እሁድ እሁድ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ቢያፋጥጣችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

የአሥራ አራት ዓመቷ ማናለብሽ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በድሉ ፊት ቆማለች።

«አባትሽ ጎማ ሲጠግን ይውላል፤ ጥሩ» አሏት። «እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ይጠፋል። ዕድር ነው? ማኅበር ነው? አጣሪና ሐሙስ ስብሰባው ላይ ተነሥተሽ ተናገሪ። የወጣት ማኅበር አባል አይደለሽ?»

«እሺ ጓድ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ደጅ ስትጠብቃት የነበረችው ጓደኛዋ ፀሐይቱ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። «ድሮ ይሻል ነበር! ያኔ ቢያንስ የት እንደወደቀ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«አትቀልጂ።»

«ፋራ አትሁኚ እንግዲህ። አላውቅም በያቸው።»

«እውነትም እኮ አላውቅም!»

ግራ ያጋባትም ይኸው ነበር። አባቷ ገረሱ ሲሰክር ትፈራው ነበር፤ አሁን ደግሞ ለእሱ ትፈራለች። የትኛው ፍርሃት እንደሚሻል መለየት አቃታት። ያለ ፈቃድ ተሰብስበው ከተያዙ ሰዎች ስንቱ እንዳልተመለሰ የማያውቅ የልደታ ልጅ የለም።

እሁድ ተከተለችው። ገረሱ የለመዳቸው አረቄ ቤቶች ሰንጋ ተራ ነበሩና በዚያ አላለፈም፤ ዞሮ ተክለ ሃይማኖት ደረሰ፤ ልብስ ሰፊው ጋሽ በከር ሱቅ ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ተጠግታ ስታይ ይብሱን ነገሩ ዞረባት። ጋሽ በከር ሙስሊም ናቸው፤ ስለዚህ የጽዋ ማኅበር አይደለም። ከስፌት መኪናው አጠገብ የተቀመጡት ደግሞ እትዬ ዲንቄ ናቸው፤ አባቷ ይጠጣው የነበረውን አረቄ እያወጡ ይሸጡለት የነበሩት እትዬ ዲንቄ! ፊታቸው ግን ያለው አንድ ጆግ ውሃ ብቻ ነው።

«ዲንቄ ነኝ» አሉ። «ግለ ሂሴን አቀርባለሁ። ማክሰኞ ጎረቤቴ አረቄ ስታወጣ ሸተተኝ። ሄድኩ። አንድ መለኪያ ጠጣሁ። እንግዲህ ቀኑን እንደገና ከአንድ ጀምሬ እየቆጠርኩ ነው።»

ማንም አልገሠጻቸውም። ጋሽ በከር ብቻ «እኔ የመጠጡን ሽታ ልደብቅ ከረሜላ አፌ ውስጥ እየጨመርኩ መስጊድ ስገባ ስንት ዓመቴ! አይዞሽ» አሏቸው።

ቀጥሎ የተሰማው የአባቷ ድምፅ ነበር። «ገረሱ ነኝ። ሃምሳ ስምንት ቀን ሆነኝ። ግለ ሂሴ… ልጄ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የምትፈተን ቀን፣ ጠዋት፣ ቢራ ከሚሸጥበት ከቀበሌው ክበብ ደጅ ነው ያነሣችኝ። ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ገባች። ይቅርታ ልጠይቃት እልና ፊቷን ሳይ ዝም እላለሁ።»

ማናለብሽ በሩን ገፋችው።

«ማኒ!» ገረሱ ብድግ አለ። «ማን ላከሽ?»

«ጓድ በድሉ።»

እትዬ ዲንቄ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ምንድነው ይሄ አባዬ? ፖለቲካ ነው?»

«ግለ ሂስ ነዋ!» አሉ ጋሽ በከር። «ያስተማረን ራሱ ቀበሌ ነው። እዚህ ግን ሌላውን መተቸት ክልክል ነው፤ ሁሉም የራሱን ብቻ።»

«ታዲያ ለምን ትደበቃላችሁ?»

«ማን ተደበቀ?» ጋሽ በከር ከመሳቢያቸው የማመልከቻ ግልባጭ አወጡ። የቀበሌው ማኅተም አለበት፤ የገቢ ቁጥር አርባ አንድ። «ፈቃድ ከጠየቅን አምስት ወር አለፈን። ‹ሰካራም የድሮው ሥርዓት ርዝራዥ ነው፤ በእኛ ቀበሌ የለም› አሉን በቃል። በጽሑፍ የመለሰልን የለም።»

ማናለብሽ ቁጥሩን ደጋግማ አነበበችው። «ይህንን ብናገር ትጎዳላችሁ?»

«ስማችንን ጽፈን የሰጠነው እኛው ነን» አሉ እትዬ ዲንቄ። «ምን ቀረን ብለሽ ነው?»

ወደ ቤት ሲመለሱ ገረሱ መንገዱ ግማሽ ላይ ቆመ። «ዋሺልኝ አልልሽም» አለ። «ተናገሪም አልልሽም። ስጠጣ ለእኔ ብለሽ ስንቴ ዋሽተሻል። ያው… ለፈተናውም…» ሳይጨርሰው ቀረ። እሷም እንዲጨርስ አላስገደደችውም።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ከግድግዳው ባሻገር፣ በቀበሌው ክበብ፣ የቢራ ሣጥን ሲራገፍ ጠርሙሱ ይንኳኳል። ገረሱ ከኋላ ቆሟል።

«ማናለብሽ ገረሱ! ግዳጅሽን አቅርቢ» አሉ ጓድ በድሉ።

ተነሣች። ልክ ትሥራ ትሳሳት አሁንም አታውቅም፤ የምታውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ ጥያቄ አለኝ። አባቴ እዚህ ክበባችን ውስጥ አምስት ዓመት ሲጠጣ የት ነው የሚሄደው ብሎ የጠየቀኝ የለም። መጠጥ ለማቆም እንሰብሰብ ያሉ ሰዎች ማመልከቻ፣ የገቢ ቁጥር አርባ አንድ፣ ቢሮዎ ከገባ አምስት ወሩ ነው።»

አዳራሹ ጉምጉም አለ። ፀሐይቱ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«ቁጭ በይ! ይህንን ቢሮ እናየዋለን!» አሉ ጓድ በድሉ።

ማናለብሽ አልተቀመጠችም።

«ቢሮ አይደለም ጓድ። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ፦ ማመልከቻው የት ነው?»