የመጀመሪያው እጅ

አሰልጣኙ በጎልፍ መለማመጃው አዳራሽ፣ ግድግዳ ተደግፎ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። የቀኝ ጆሮ ግንዱ ተፈንክቷል። እግሩ ሥር የወደቀው መምቻ የሻምፒዮኑ ነው፤ ሻምፒዮኑ ደግሞ የሟች ሚስት ታናሽ ወንድም። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ ነበር። መርማሪዋ ግን ችኮላ አትወድም።

«በሩ ተቆልፎ ሳለ ግቢ ውስጥ የነበራችሁት ሦስታችሁ ብቻ ናችሁ» አለች። ሚስትየው፣ ሻምፒዮኑና መምቻ ጠጋኙ ፊቷ ቆመዋል።

«ወንድሜ ዝንብ አይገድልም» አለች ሚስትየው። «ባሌን ቀብሬ እሱን እስር ቤት ልመላለስለት?»

መርማሪዋ ወደ ሻምፒዮኑ ዞረች። «ትናንት ከሟች ጋር ለምን ተጣላችሁ?»

«የመጨረሻዋን ኳስ ሳትኩ። በሰው ፊት ‹አንተም እንደ ጠጋኙ ልትቀር ነው› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ድሮ ተጫዋች ነበርኩ፤ ያሠለጠነኝም እሱ ነው» አለ ጠጋኙ፣ የእጁን ጨርቅ እያጠፈ። «ያለፈ ነገር ነው።»

ያለፈ ነገር! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉት ወደው መሰላችሁ?

«እንግዲያው ሁላችሁም እዚሁ፣ ወንበሩ ፊት፣ አንዳንድ ኳስ ምቱልኝ» አለች መርማሪዋ።

ሚስትየው በቀኟ ሰንዝራ ምንጣፉን መታች። ሻምፒዮኑ እጀታውን አንቆ ያዘው፤ ትከሻው ደረቀ፣ ምቱ አጠረ፣ ኳሷ ከግድግዳ ተላተመች። ፖሊሱ «ይኸው፣ ራሱን አጋለጠ» አለ። ጠጋኙ ቀረበ፤ ወንበሩን አየ፤ መምቻውን ያዘ። ወዲያው እጆቹን አቀያየረና ኳሷን ዒላማው መሃል አሳረፋት።

«ጎበዝ። ግን መጀመሪያ ስትይዘው ግራ እጅህ ከታች ነበር» አለች መርማሪዋ። «እንደዚያ የሚይዝ ግራኝ ነው። ሟች ከኋላው ግድግዳ ስለነበር የተመታው ከፊቱ ነው። በቀኙ የሚመታ ሰው የሟችን ግራ ጎን ያገኝ ነበር፤ የተፈነከተው ግን ቀኙ ነው። ሻምፒዮኑ ጨንቆት ምቱ ሁሉ ተበላሸ፣ እጁ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ሰው ሲጨንቀው ወደ መጀመሪያ ልማዱ ይመለሳል። አንተ ወደ ግራህ ተመለስክ።»

«ግራኝ ነበርክ እንዴ?» አለች ሚስትየው።

«ባልሽ ግራ እጄን በገመድ አስሮ ነው ወደ ቀኝ የቀየረኝ። ልጅ ነበርኩ። በፍጻሜው ቀን ጭንቅ ሲይዘኝ ሁለቱም እጆቼ ከዱኝ፤ እሱ ሳቀ። ያንን ሳቅ ሃያ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖርኩ። ትናንት በዚህ ልጅ ላይ ደገመው።»

«ለልጁ አዝነህ በልጁ መምቻ ገደልክ?» አለች መርማሪዋ። «ሊታሰርልህም ነበር።»

«መምቻው ልጠግነው እጄ ላይ ነበር።» ጠጋኙ ሻምፒዮኑን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ሻምፒዮኑ ፊቱን ወደ እህቱ አዞረ። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ሲጠጋ ጠጋኙ ግራ እጁን አስቀድሞ ዘረጋ።

«ሃያ ዓመት በቀኜ ኖርኩ» አለ። «ግራዬን ለእሱ ነበር ያስቀመጥኩት።»