የቱፋ ዶሮ

«የዶሮውን ሹል በሞረዱ ቀስ እያልክ፣ እሺ? ፒንሳ እንዳታስጠጋው፤ ውስጡ ደም አለው» አሉና አዴ ወርቅቱ እንስራቸውን አዝለው ወደ ቦኖ ወጡ።

ሞሲሳ «እሺ» አለ። አፉ እሺ ይበል እንጂ ልቡ ሜዳ ነበር። ቀበሌያቸው ከላይኛው ቀበሌ ጋር ሊጋጠም ነው፤ በረኛው ደግሞ እሱ ነው። ያረጀ የጎረቤት ዶሮ ታቅፎ የሚቀመጥበት ቀን ነው እንዴ!

ዶሮው ግን የዋዛ ዶሮ አልነበረም። የአዴ ወርቅቱ ልጅ ቱፋ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሲሄድ ገና ጫጩት ነበር። «ሲመጣ አሳርድለታለሁ» ብለው አሳደጉት። የሰው ዶሮ በየበዓሉ ሲታረድ እሱ ተረፈ። ቱፋ ሳይመጣ ዶሮው አረጀ። ሌባ እንዳይወስደው ቤት ታስሮ ስለሚውል ምንቃሩ ተቆልምሞ እህል መልቀም አቃተው፤ ከእግሮቹ ኋላ የበቀሉት ሹሎችም ዞረው የገዛ ሥጋውን ሊወጉት ደረሱ።

ሞሲሳ ምንቃሩን እንደ ነገሩ ሞረደው። የቀኝ እግሩ ሹል ላይ ሲደርስ ከሜዳው ፉጨት ተሰማ። ሞረዱን ጣለና ፒንሳውን አነሳ። ቀጭ!

ዶሮው ጮኸ። ደሙ የሞሲሳን ጣቶች አለበሳቸው። «ወይኔ!» ብሎ ከምድጃው አመድ ዘግኖ ጠቀጠቀበት።

አዴ ወርቅቱ ከቦኖ ተመልሰው ውሃቸውን ሳያወርዱ አዩት። «ምን ሆነ?»

«እኔ... አልነካሁትም። ሲወራጭ ራሱ ሰበረው።»

ውሸቷ ከአፉ እንዴት እንደወጣች እንኳ አላወቀም። አዴ ወርቅቱ ግን አልተቆጡም። እንስራቸውን አውርደው መሬት ላይ ዝርፍጥ አሉ።

«ራሱ? ማንም ሳይነካው?»

«አዎ።»

«ዋቃዮ! ልጄን አንድ ነገር አግኝቶታል! የእሱ ዶሮ ማንም ሳይነካው ደሙ ፈሰሰ። ገዱን አሳየኝ እኮ!» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ማልቀስ ጀመሩ።

ሞሲሳ ወደ በሩ አፈገፈገ። «አይ አዴ፣ ዶሮ እኮ ነው» ብሎ አጉተመተመና ሹልክ ብሎ ወጣ።

መንገዱ ላይ ጓደኛው ደግፌ ይጠብቀዋል። «ምን ይጎትትሃል፣ አንተ ፋራ! ጎሉ ባዶ ነው!»

ጥቂት አብረው ሮጡ። ከዚያ እግሩ እምቢ አለው። የሴትዮዋ ለቅሶ እስከ መንገዱ ይሰማል፤ አንዲት ጎረቤት ደንግጣ ስትወጣ አየ። አሁን ሌሎቹም ይመጣሉ፤ ቱፋ በቁሙ ሊለቀስለት ነው። የሞሲሳ ፊት ጋለ። አፈረ፤ ደግፌን ቀና ብሎ ማየት እንኳ አቃተው።

«ሌላ በረኛ ፈልጉ» አለና ተመለሰ።

በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «አዴ፣ ዋሽቻለሁ። በፒንሳ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ኳስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነው።» ከዚያ ጥፊውን ጠበቀ።

አዴ ወርቅቱ ቀና አሉ። «አንተ ነህ? ማልልኝ!»

«አባቴ ይሙት!»

ከተቀመጡበት ዘለው ተነስተው ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት። «እሰይ! አንተ ከሆንክ እሰይ! ልጄ ደህና ነው!» እንባቸው ፊቱን አራሰው። ሞሲሳ የሚገባበት ጠፋው። ጥፊው በስንት ጣዕሙ!

ቆይተው ዓይናቸውን ጠረጉና ዶሮውን አነሱት። አንዱ እግሩ ገና አልተነካም።

«ለዚህኛውስ ሌላ ሰው ልጥራ?» አሉት፣ አሁን ኮስተር ብለው።

ከሜዳው ጩኸት ተሰማ። ማን እንዳገባ አላወቀም።

«እኔ ልጨርሰው አዴ» አለ ሞሲሳ ሞረዱን እያነሳ። «ግን የትም አይሂዱ። እያዩኝ ይሁን።»