ምንጩ የተባለው ፈረሰኛና የቆላው መንገድ

ሃያኛው ምዕተ ዓመት ከገባ ገና ብዙ ባልቆየበት፤ መንግሥታት ሐዲድና የቴሌግራም ሽቦ ለመዘርጋት በሚሽቀዳደሙበት በዚያ ዘመን፤ የባቡሩ ሐዲድ ከታላቁ ወንዝ ዳር ደርሶ ቆሞ ነበር። ከወንዙ ወዲያ እንደ እቶን የሚነድ ቆላ አለ፤ ከቆላው ማዶ ዳገቱ ይጀምራል፤ ከዳገቱም አናት ላይ በግንብ የታጠረችው የላይኛዋ ከተማ ትታያለች። ሐዲዱ እስኪቀጥል ድረስ ከወንዙ ወደብ ወደ ላይኛዋ ከተማ የሚሄደው ነገር ሁሉ፤ ደብዳቤውም አዋጁም፤ የሚጓዘው በፈረሰኞች እጅ ነበር።

እነዚህ ፈረሰኞች ወግ አክባሪዎች ነበሩ። እስከ አንገት የሚቆለፍ፤ ባለ ናስ ቁልፍ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ያን ካፖርት የለበሰ ሰው ሲመጣ የላይኛዋ ከተማ በር ያለ ጥያቄ ይከፈትለታል። ኮርቻ ላይ ሆኖ ውሃ መጠጣትን ደግሞ እንደ ነውር ይቆጥሩታል፤ ከተነሡበት እስከሚደርሱበት ከንፈራቸውን አያርሱም፤ አዲስ ገቢውንም መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህን ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ፀሐይዋ ሳትበረታ ቆላውን ስለሚያቋርጡ ወጉ ብዙዎቹን አልጎዳቸውም።

አንዱን ግን ጎድቶታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ጓደኞቹ ከረሱት ቆይተዋል፤ የሚጠሩት ምንጩ እያሉ ነው። ሌላውን ሰው ወዝ ወዝ ሲለው እርሱን ላብ ያንጠፈጥፈዋል፤ ኮርቻ ላይ ወጥቶ ልጓሙን በወጉ ሳይጨብጥ ጀርባው ይርሳል፤ ግንባሩ ላይ የፈለቀው ዓይኑን እያቃጠለ፤ መዳፉ ላይ ያለው ልጓሙን እያሟለጨ፤ ጭኑ ከኮርቻው ጋር እየተፋተገ እየተላጠ ነው የሚጓዘው። ሰው ሲጨብጥ አስቀድሞ እጁን በሱሪው ይጠርጋል፤ የጨበጠውም ሰው በተራው በሱሪው ይጠርጋል።

«ምንጩ መጣ፤ ባልዲ አቅርቡ» ይሉታል ባልደረቦቹ።

«ለእናንተ ፊት መታጠቢያ ብዬ ነው» ይልና አብሯቸው ይስቃል፤ በልቡ ግን ያፍራል።

ከኀፍረቱ የተነሣ አንድ ብልኀት ፈጠረ። ውሃ ካልገባ አይወጣም ብሎ አሰበና፤ ጓደኞቹ ኮርቻ ላይ ብቻ የሚተውትን ውሃ እርሱ ከዋዜማው ጀምሮ ተወ። ላቡ ግን አልቀነሰም። ባለፈው በጋ መልእክት ይዞ ሲመለስ ፀሐይዋ በረታችበትና፤ ቆላው መካከል ላይ ራሱ ዞሮበት ከፈረሱ ወደቀ። ዳማ ባዝራው ጥላዋን ጥላበት አጠገቡ ቆማ ሳለ አላፊ ነጋዴዎች ደረሱለት፤ በአህያ ጭነው ወደቡ ድረስ አመጡት። ከዚያ ወዲህ የጣቢያው ሹም ከመንገድ አግደውት ጋጣ ጠራጊ ሆነ።

ሚስቱ የፈረሰኞቹን ካፖርት የምትሰፋና የምትጠግን ሴት ናት። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ የወደቡ ሙቀት እንዳይጎዳት ብለው ላይኛዋ ከተማ ከአያቷ ዘንድ ልከዋት ነበር። ለደኅንነቷ ብለው በላኳት ከተማ ግን በተከታዩ በጋ ማብቂያ ሕፃናትን ጉሮሯቸውን እያነቀ የሚገድል በሽታ ገባ። የከተማዋ ሐኪም ከሐዲዱ ቀድሞ በደረሰው ቴሌግራም መድኃኒት ለመነ፤ ከባሕር ዳርቻውም መድኃኒቱ በባቡር ተላከ። ባቡሩ ይመጣል በተባለበት ቀን ጧት የቴሌግራሙ ሠራተኛ ወደ ጋጣው መጣና ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ወንድሜ፤ ከአያትየዋ የመጣ ቃል አለ» አለው። «ትንሿም ታማለች።»

ምንጩ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆመው፤ ወደቀ፤ መልሶ አቆመው።

ባቡሩ ሌሊቱን ሊገባ ሲገባው መንገድ ላይ ተበላሽቶ እኩለ ቀን ሲቃረብ ደረሰ፤ ፈረሰኞቹ ሁሉ ግን ጎሕ ሲቀድ ሄደው ነበር። መድኃኒቱን ይዞ የመጣው ቀማሚ በሰም የታሸገች የቆርቆሮ ሣጥን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሹሙ ጠረጴዛ ላይ አኖራት።

«ጨርቁ እንዳይደርቅ» አለ። «ነፋስ ሲነካው ሣጥኑን ያቀዘቅዘዋል። ከደረቀ ግን በዚህ ሙቀት መድኃኒቱ ይበላሻል።»

«ነገ ጎሕ ሲቀድ ይሄዳል» አሉ ሹሙ።

«ጌታዬ፤ ነገ ለማን ይደርሳል?» አለ ምንጩ ከበሩ ላይ። «እኔ ልሂድ።»

«አንተ? አምና በአህያ ተጭነህ ነው የመጣኸው። እኔ መድኃኒት ላክ ተባልሁ እንጂ ሬሳ ላክ አልተባልሁም።»

ሚስቱ ተከትላው ቆማ ነበርና አልፋው ገባች።

«አባቴ፤ ይፍቀዱልኝ። እርሱን የጣለው ላቡ አይደለም፤ ጥማቱ ነው።» ከዚያም ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ሰው፤ ዳማዋ ሲያልባት ምን ታደርጋለህ?»

«ኮርቻዋን አወርዳለሁ።»

«እሺ።»

«በጨርቅ እጠርጋታለሁ፤ ውሃ አጠጣለሁ፤ ጨው አስልሳታለሁ። ይኸን አሁን ምን ያስጠይቃል?»

«ለራስህስ?»

ምንጩ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ካፖርትህን ስጠግን» አለች «ጀርባው ላይ የደረቀውን ጨው በጥፍሬ ፍቄ ነው መርፌ የማስገባው። ያን ሁሉ ከሰውነትህ አውጥተህ አንዳች ሳትመልስ ብትወድቅ ምን ይገርማል? ለዳማዋ የምታውቀውን ለራስህ አታውቅም። እውነተኛዋ ሚስትህ እርሷ ትሁን እኔ ልሁን እንጃ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ቀን እንደ ፈረስ ኑርልኝ፤ ሌላ አልለምንህም።»

ሹሙ ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ ሣጥኗንም አዩ፤ የሴቲቱንም ዓይን አዩ፤ የራሳቸውንም የልጅ ልጆች ሳያስቡ አልቀሩም። «ጫኑለት» አሉ።

ሚስቱ ስታሰናዳው ቃል አላበዛችም። ሰፊ የተልባ እግር ሸሚዝ አለበሰችው፤ ጭኑን ሞራ ቀባችው፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ግንባሩን በታጠፈ ጨርቅ አሰረችው፤ ልጓሙ እንዳይሟለጭበት መያዣውን በሻካራ ገመድ ጠመጠመችው፤ ከትከሻው ላይ ነጭ ነጠላ ጣለችበትና ካፖርቱን ጠቅልላ ከኮርቻው ኋላ አሰረችው። ሣጥኗን ደረቱ ላይ አንጠልጥላ፤ ሁለት የውሃ ኮዳና አንድ ቋጠሮ ጨው ሰጠችው። «ሳይጠማህ ጠጣ» አለችው፤ የኮርቻውንም ጠፍር ዳግመኛ አጠበቀችው።

ቆላው በዚያ ሰዓት ጥላ የሚባል ነገር አልነበረውም። ከመሬቱ የሚነሣው ወላፈን ዛፎቹን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ አሞራ እንኳ ከሰማይ ወርዶ ነበር። ምንጩ መጀመሪያ ኮዳውን ሲያነሣ ሰው ያየው ይመስል ግራና ቀኙን ቃኘ፤ ከዚያም አፍሮ ጠጣ፤ ጨውም ላሰ። ላቡ እንደ ወትሮው ወረደ፤ ነገር ግን ራሱን አላዞረውም፤ ዓይኑም አልጨለመበትም። ዳገት ባለበት ወርዶ በእግሩ ዳማዋን እየሳበ፤ ሜዳ ሲያገኝ እየጋለበ፤ ጨርቁን በውሃ እየረጨ ሄደ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቱን አልጠላውም፤ ሚስቱንም በልቡ ደጋግሞ መረቃት።

ከቆላው መካከል ፈረሶች የሚጠጡበት ጅረት አለ። ኮዳውን እዚያ ሊሞላ፤ ሣጥኗንም እዚያ ሊያርሳት አስቦ ነበር። ሲደርስ ጅረቱ ደርቋል፤ የቀረው የተሰነጠቀ ጭቃና ነጭ ጠጠር ነው።

አንደኛው ኮዳ አልቋል፤ ከሁለተኛው ከፊሉን ባርኔጣው ውስጥ አፍስሶ ዳማዋን አጠጣት፤ የተረፈው ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ለጨርቁ ካፈሰሰው እርሱ እንደ አምናው ይወድቃል፤ ሣጥኗም አብራው ትቀራለች። እርሱ ከጠጣው ጨርቁ ደርቆ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ ልጁ ዘንድ ባዶ ቆርቆሮ ይዞ ይደርሳል። ኮዳውን በእጁ ይዞ ቆመ። ሲቆምም ከአገጩ የወረደ ላብ ሣጥኗ ላይ ጠብ አለ፤ ጨርቁ ጠጣው፤ ሌላም ጠብ አለ።

ምንጩ ጠብታውን አየ፤ ከዚያም ብቻውን ሳቀ።

«ዳማዬ» አላት «እኔ ልጠጣው። በእኔ በኩል አልፎ ይደርሳታል።»

ውሃውን ከጨዉ ጋር እስከ ጭላጩ ጠጣ። የራሰውን ሸሚዙን አውልቆ በሣጥኗ ላይ ጠመጠመው፤ ራቁት ጀርባውን በነጠላው ሸፈነ። ከዚያ በኋላ ነጠላውና የግንባሩ ጨርቅ ላብ በጠጡ ቁጥር ሣጥኗ ላይ ይጨምቃቸዋል፤ መልሶ ይለብሳቸዋል፤ መልሰው ይርሳሉ። የግልቢያው ነፋስ እርጥቡን ሸሚዝ ያገኘዋል፤ ሸሚዙም ሣጥኗን ያቀዘቅዛታል። ሲሸሸው የኖረውን ላብ ያን ቀን እንዳይነጥፍ ለመነው። ለዳማዋ ሸክሙን ለማቅለል ብሎ ያን ከባድ ካፖርት ደረቁ ጅረት ዳር ካለ ዛፍ ላይ ሰቅሎት ሄደ።

ስሕተቱ የታወቀው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከግንቡ በር ሲደርስ ነው። ስለ በሽታው በሩ ተዘግቷል፤ አንድ ወጣት ዘበኛ ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየው።

«ማነህ?»

«ፈረሰኛ ነኝ። መድኃኒት ይዣለሁ።»

«ፈረሰኛ ከሆንህ ካፖርትህ የታለ?»

«ቆላ ላይ ሰቅዬው መጣሁ።»

«ሸሚዝህስ?»

«ሣጥኑ ለብሶታል።»

«ይኸ ሰውዬ አብዷል» አለ ወጣቱ ወደ ኋላው ዞሮ። «ያለ ካፖርት ደግሞ መክፈት አልችልም፤ ደንብ ነው።»

«ወንድሜ፤ ልጄ ውስጥ ናት» አለ ምንጩ።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በወጣቱ ትከሻ ላይ ብቅ ብለው ዓይናቸውን አጥብበው አዩ፤ ከፈረሱ በታች ያለው አቧራ በነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል።

«ኧረ ይኸስ ምንጩ ነው» አሉ። «ከሰው ላይ ይህን ያህል ውሃ ሲወርድ ከእርሱ በቀር በማንም አላየሁም። ክፈትለት ልጄ፤ ካፖርት ከማንም ይሰረቃል፤ እንዲህ ያለ ላብ ማን ይሰርቃል?»

ሐኪሙ ሣጥኗን ከሸሚዙ ፈትቶ በመዳፉ ዳሰሳት፤ ቀዝቃዛ ነበረች።

«ጧት የገቡት ፈረሰኞች ጅረቱ ደርቋል ሲሉኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር» አለ። «ጨርቁን በምን አራስኸው?»

ምንጩ መሬት መሬት አየ። «ጌታዬ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በላቤ ነው። ውስጡ ግን አልገባም፤ ሰሙ አልተነካም።»

ሐኪሙ ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ከዚያም የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ከጨበጠም በኋላ እጁን በምንም አልጠረገም፤ እንዲሁ እርጥብ እንደ ሆነ መርፌውን ለማሰናዳት ወደ ውሃው ማሰሮ ሄደ።

ትንሿ ከአያቷ ክፍል ጥግ ተኝታ እንደ ተዘጋ ዋሽንት ታፏጭ ነበር። መርፌውን ወጓት፤ ምንጩም ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ አያትየዋ ካጠጣችው ውሃ ሌላ ምንም አልቀመሰም። በማግሥቱ ቀኑ ሲሞቅ ትንፋሿ ቀስ በቀስ እየሰፋ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጣት ከግንባሩ አንድ ጠብታ ጉንጯ ላይ ወደቀ፤ ልጅቱም ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፤ ይዘንባል እንዴ?»

«አዎ የኔ እናት» አላት። «እኔ ጋ ሁልጊዜ ይዘንባል።»

አያትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ፈጣሪን አመሰገነች። መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው ያለፉ ልጆችም ነበሩ፤ ምንጩ በዚያው ቀን ከጎረቤት ቤቶች ገብቶ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀመጠ፤ ደስታውንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዘው።

ከዚያ ወዲህ ሹሙ መንገዱን መለሱለት፤ እያንዳንዱ ፈረሰኛም ኮዳ ይያዝ አሉ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ወጣቶቹ ግን ጠጡ። ብዙም ሳይቆይ ሐዲዱ ዳገቱን ወጣ፤ ፈረሰኞቹም ተበተኑ፤ ዳማዋም ከወንዙ ዳር ባለ ለምለም መስክ አርጅታ በሰላም ሞተች።

ስለዚያ በጋ የተጻፈ መጽሐፍ አለ። የሐኪሙ ስም አለበት፤ የባቡሩ ኩባንያም አለበት፤ ስለ መንገዱ ግን «መድኃኒቱ በጊዜው ደረሰ» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለም፤ እግር አውጥቶ ብቻውን የሄደ ይመስላል። ልጅቱ አድጋ ይህን ለአባቷ ስታነብለት ተቆጣች።

«አንተን እንዴት አይጽፉህም?»

«ከጻፉ እናትሽን ይጻፉ» አላት። «ቦታ ከተረፈም ዳማዋን። ደረሰ ካሉ እኔን ይበቃኛል፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ እያነበብሽልኝ ምን ቀረብኝ ልበል?»

ታሪክ የሚይዘው በድንጋይና በቀለም የተጻፈውን ነው፤ ላብ ግን ይተናል፤ የወረደበትንም የሚያሳይ ምልክት አያስቀርም። ይሁን እንጂ ያቺ ሣጥን ቀዝቅዛ የደረሰችው ያ ላብ በመትነኑ ነበር።