ፊት አየሁ፣ ኋላ አየሁ

የሐሴት እናት ባጃጅ መንዳት ጀምራለች። መንጃ ፈቃዷ ገና አዲስ ነው፤ ጫፉ እንኳ አልታጠፈም።

ጠዋት ጠዋት ሐሴትን ትምህርት ቤት ታደርሳታለች። ድርድርድር! ድርድርድር!

ትምህርት ቤቱ ግን ከመንገዱ ማዶ ነው። በመሃል አካፋዩ ላይ፣ በዘንባባዎቹ መካከል፣ መዞሪያ ክፍተት አለ።

እማዬ እዚያ ጋ መዞር ትፈራለች። እስከ ሩቁ አደባባይ ሄዳ ነው የምትመለሰው።

ሐሴት ስትደርስ ባንዲራው ተሰቅሎ አልቋል። ሁልጊዜ።

ዛሬ ግን የባንዲራውን ገመድ የምትስበው ሐሴት ናት። ተራዋ ደርሷል።

«እማዬ፣ ዛሬ ዘንባባው ጋ እንዙር?» አለች ቀስ ብላ።

እማዬ መሪውን አጥብቃ ያዘች።

ፍሬቻው በራ። ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ።

መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግኑት ጋሽ ታፈረ አዩዋቸው። ሰው መርዳት ይወዳሉ፤ እጃቸውን እያወዛወዙ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» አሉ።

እማዬ እሳቸውን አምና መዞር ጀመረች።

ዝርርርር! ሸንኮራ የጫነ ብስክሌት መጣ።

ሲጥ! ባጃጇ ቆመች። ብስክሌቱ አለፈ።

ማንም አልተነካም። የሐሴት ልብ ግን ድው፣ ድው፣ ድው አለ።

ከኋላ ሚኒባሱ ጲጵ! ጲጵ! ይላል። ጋሽ ታፈረም «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ይላሉ።

እማዬ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን በራሴ ዓይን ልይ።»

ጋሽ ታፈረ እጃቸውን አወረዱ። «እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ።

«ፊት አየሁ፣ ኋላ አየሁ» አለች እማዬ። «እንዙር?»

«ገና ነው!» አለች ሐሴት። ትልቅ የጭነት መኪና አለፈ። ጉርርርር!

«ፊት አየሁ፣ ኋላ አየሁ። እንዙር?»

«ገና ነው!» ጋሪ አለፈ። ኳ! ኳ! ኳ!

«ፊት አየሁ፣ ኋላ አየሁ።»

መንገዱ ባዶ ሆነ። እማዬም ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ዙርርርር!

ጋሽ ታፈረ ጎማቸውን ትተው አጨበጨቡ።

ትምህርት ቤት ሲደርሱ ባንዲራው ገና በመምህሯ እጅ ነበር። ሐሴት ገመዱን ሳበች፤ ባንዲራው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ።

ጓደኞቿ ዛሬ እንዴት ቀደምሽ ሲሏት አንገቷን ቀና አደረገች። «የምትነዳው እናቴ ናት» አለች።

ማታ ሐሴት ከእማዬ ጎን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተኛች። ከዚያ ወደ እማዬ መዞር አማራት።

«ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ» አለች። ፊት አየች፣ ኋላ አየች።

ከኋላዋ፣ በእሷና በእማዬ መካከል፣ የቤታቸው ድመት ተጋድማለች።

«ገና ነው» አለች ሐሴት፤ ጠበቀች። ድመቷ ተንጠራርታ ከአልጋው ወረደች።

ሐሴትም ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ዞረች። የእማዬ እቅፍ ውስጥ ገባች።