ወደ አዋሽ በአንድ ቢስክሌት

«ጎማው ውስጥ ቆዳ ካላስገባን ግራሩ አያሳልፈንም» አለ ወዬሳ፣ ቢስክሌቱን ገልብጦ በኮርቻው እያቆመው። «እሾህ መሰለህ? ሚስማር ነው እኮ!»

ደሊል ከአባቱ ሱቅ ጓሮ ያገኘውን የፍየል ቆዳ በጎማው ልክ ይቆርጣል። ጃንሆይ ዘውድ ከጫኑ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አዳማ ውስጥ ያለው ቢስክሌት ግን ገና በጣት የሚቆጠር ነው። ይኼኛውን የደሊል አጎት ከድሬዳዋ በባቡር ከላኩለት ወዲህ ሁለቱ ጓደኛሞች ሌላ ወሬ የላቸውም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ የግራሩን ጫካ አቋርጠው፣ አዋሽ ዳር ምሳ በልተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊመለሱ ነው። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ኋላ ይፈናጠጣል፤ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። ቆሎው፣ የቅል ውሃው፣ የጎማ መንፊያው፣ ሁሉም ታስቦበታል።

«መንገዱን ግን በደንብ ታውቀዋለህ?»

«ኧረ ተወኝ! ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወስድህ። የእናቴ ወገኖች አገር አይደለም እንዴ?»

«አባዬን ፈራሁ።»

ይፍራ እንጂ! አባቱ አብዱልመናን ከወሎ መጥተው ጣቢያው አጠገብ ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ቆዳና ቅቤ የሚያመጡላቸው የአዋሽ ዳር ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ጨውም የሚወስዱት ከእሳቸው ነው። «ጫካው ውስጥ እንዳትገባ» ብለውታል። «እዚያ ያለ ሰው እኔን የሚያውቀኝ በስሜ ነው። ስሜ ከተበላሸ ሱቁን ዘግተን ወደ ወሎ ነው።» ደሊልም ዓይናቸውን እያየ «እስከ ሀዲዱ ድልድይ ብቻ ነው የምሄደው» አላቸው። ዓይን አውጣ!

ቅዳሜ ደረሰና ሄዱ። ወይ ደስታ! የከብት መንገዱ በግራሮቹ መሀል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ቆቆች ከእግራቸው ሥር ብር እያሉ ይነሣሉ። ጎማውም እሾሁን ቻለው። ወዬሳ ኋላ ተፈናጥጦ ሲዘፍን፣ ደሊል ፔዳሉን እየረገጠ «ዝም በል፣ ጅብ ትጠራብናለህ!» ይለዋል።

ጫካው ወደ ወንዙ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ቦታ ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አገኟቸው። ደሊል «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ ኦሮምኛ አያውቅም። ሽማግሌው ቢስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አዩትና ለወዬሳ በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ነገሩት። ዱላቸውን ወደ ቁልቁለቱ ቀሰሩ፤ መዳፋቸውንም አፋቸው ላይ አድርገው አሳዩት።

«ምን አሉ?» አለ ደሊል።

«መንገዱ ይቅናችሁ ነው ያሉት። በል ንዳ!»

ቁልቁለቱ ልስልስ ያለ አሸዋ ነበር። ደሊል እግሮቹን ከፔዳሉ አንሥቶ ለቀቀው። ነፋሱ ጆሮው ላይ ያፏጫል። ቢስክሌት እንደ በቅሎ ኮቴ የለው፣ ሰው እየመጣ መሆኑን ማን ይስማ? ቁጥቋጦውን ሲታጠፉ አዋሽ ድንገት ፊታቸው ተዘረጋ፤ ዳር እስከ ዳሩ አንገታቸውን ደፍተው በሚጠጡ ከብቶች ተሞልቷል።

ደሊል ፍሬኑን ጨበጠ። አሸዋው ላይ ምን ሊይዝለት! አንድ በሬ ቀና አለ፤ ያንን የሚያብረቀርቅ ነገር አየና አጓርቶ ዘለለ። መንጋው በሙሉ ደነበረ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከአቧራው መሀል አንዲት ትንሽ ልጅ ጥጃ በገመድ ይዛ ቆማ ነበር፤ ገመዱን አልለቀቀችም። በሬው በጎኑ ገጭቷት አለፈ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ደሊል ወድቆ ተነሣ። ልጅቷ አሸዋው ላይ ተጋድማለች። አላለቀሰችም፤ ዓይኗን አፍጥጣ ሰማዩን ታያለች። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች፣ እግር መታጠፍ በማይችልበት ቦታ ታጥፏል። ደሊል ክው አለ። ከወንዙ ማዶ የሴቶች ጩኸት ተሰማ።

«አዙረው!» ወዬሳ ቢስክሌቱን ከአሸዋው አነሣ። «አዙረው እንውጣ! ሳይደርሱብን!»

«እግሯ…» አለ ደሊል።

ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁለቱን እየሮጡ ወረዱ። ልጅቷን ሲያዩ ዱላው ከእጃቸው ወደቀ።

«ቡዜ!» አሉ። ተንበርክከው ግንባሯን ዳሰሱ፤ ያኔ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩና በአማርኛ ተናገሩ። «ነገርኳችሁ። ከቢስክሌቱ ውረዱ አልኩ። ከላይ ሆናችሁ ተጣሩ፣ መልስ ጠብቁ አልኩ። እዚህ ውሃ ላይ ሰው ዝም ብሎ አይመጣም። ዝም ብሎ የሚመጣ ሌባ ነው፣ ወይ አውሬ ነው። ከብቱም ይህን ያውቃል። የልጄ ልጅ ናት እኮ!»

ደሊል ወደ ጓደኛው ዞረ። «መንገዱ ይቅናችሁ ነው ያሉት አላልከኝም?»

ወዬሳ መሬት መሬቱን አየ። «ቁልቁለቱን በእግር እንዳንወርደው ብዬ… ምን አውቄ? እኔም እኮ እዚህ መጥቼ አላውቅም።»

ደሊል ሊመታው እጁን አነሣ። እጁ ግን አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ እሱም አይቷል። መንገዱ ይቅናችሁ ለማለት እጅ አፍ ላይ እንደማይደረግ ሕፃንም ያውቃል! ደግሞ አልጠየቀም፤ ቁልቁለቱ አጓጉቶት ነበር።

ሴቶቹ ወንዙን ተሻግረው ደረሱ። የልጅቷ እናት ጭንቅላቷን አቅፋ ታለቅሳለች። አንዲት ጠና ያለች ሴት ደግሞ የቡዜን እግር እያየች እንጨትና የጨርቅ ቅዳጅ አዘዘች።

«የማን ልጆች ናችሁ?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አስፈራ። «እኛ ጋ ሰው የጎዳ፣ ወገኑ እስኪመጣ ከተጎዳው አጠገብ አይነሣም። አባት ይምጣ፤ ሽማግሌ ይቀመጣል።»

«ከሞጆ ነን!» አለ ወዬሳ ፈጠን ብሎ። «አባታችን ባቡር ላይ ነው የሚሠራው። ወንድማማች ነን።» በክርኑም ደሊልን ጎሰም አደረገው።

ሽማግሌው ደሊልን አዩት። «አንተስ?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግበት። እዚህ ማንም አያውቀውም። አባቱ እሱ ሀዲዱ ድልድይ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። ሱቁ፣ እዚያ በር ላይ በየገበያው ቀን የሚቀመጡት ሰዎች፣ የአባቱ ስም… ሁሉም በአንዲት አዎ ይተርፋል። ቡዜ እያለቀሰች እጇን ዘርግታ የሆነ ነገር ስትፈልግ አየ፤ የጥጃዋን ገመድ ነበር።

«ደሊል እባላለሁ» አለ። «የአብዱልመናን ልጅ ነኝ። አዳማ ጣቢያው ጋ ጨው የሚሸጡት።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአሸዋው አነሡ።

«አብዱልመናን» አሉ። «ያለፈው ገበያ ቤቱ በልቻለሁ።»

ደሊል ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ግን አልሸሸም። ወደ ወዬሳ ሄደና የቢስክሌቱን መሪ እጁ ላይ አስጨበጠው።

«ሂድና አባዬን ጥራልኝ።»

«አብደሃል? ይገድሉሃል እኮ!»

«ሁሉንም ንገራቸው። የድልድዩን ውሸትም፣ ያንተንም፣ የኔንም።»

«ባልመለስስ?» አለ ወዬሳ። እንባው መጥቷል።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለ ደሊል።

ወዬሳ ቢስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ወጣ። ይመለስ አይመለስ ደሊል አያውቅም። ጠና ያለችው ሴት በእጇ ጠቆመችው፤ ምን እንደምትል ባይገባውም የምትፈልገውን አየ። አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ የቡዜን ተረከዝ በሁለት እጁ ያዘ፤ ሴትዮዋም አጥንቱን መሳብ ጀመረች።