ስም ያልተጻፈባቸው ጌሞች

ሃፊዛ ሰው ቶሎ አታምንም። ቡታጅራ ውስጥ በወንድሟ በአብዶ ኮምፒውተር ቤት ዘፈን፣ ፊልምና ጌም እየጫነች ስትውል፣ ፍላሽ ይዞ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ገልመጥ አድርጋ ነው የምትቀበለው። ፍላሹን ቫይረስ አለበት ብላ ትጠረጥራለች፤ ባለቤቱንም እንደዚያው።

ሙስተፋን ግን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ፈገግ ብላ ተቀበለችው። መጀመሪያ የመጣው በ2008 ዓ.ም. ለመስቀል ሰሞን ነው። በሩ ላይ የለጠፈችውን «ሁለት ጌም ላስጫነ አንዱ በነፃ» የሚል ማስታወቂያ አንብቦ ላፕቶፑን አቅፎ ገባ። ቆርቆሮና ሚስማር መሸጫ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ሲወጣ አንገቷን አስግጋ ከመንገዱ ማዶ እስኪሰወር አየችው። ከዚያ በራሷ አፈረች።

ከዚያ ወዲህ ቅናሽ ባለ ቁጥር ሙስተፋ አለ። ለመውሊድ ይመጣል፣ ለዒድ ይመጣል፣ መብራት ሄዶ እንኳ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያወራሉ፤ ወሬው ሲያልቅ ይተያያሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ግን ብድግ ይላል። ወዴት ነው ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቤት ገብቼ ጌም ልጫወት። ከኔ ጌም ይበልጥበታል እያለች ትስቅበት ነበር።

ዓመት ሳይሞላቸው ሽማግሌ ልላክ አላት። አብዶም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይምጡ ብሎ ቀጠረ፤ ነገሩን ግን ለእሷ ተወው። እሺ ካልሽ እሺ፣ እምቢ ካልሽ እምቢ ነው አላት።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ሙስተፋ ለአዲሱ ቅናሽ ላፕቶፑን ትቶላት ወደ ሥራው ሄደ። ላፕቶፑ ሞልቶ ቦታ የለውም። ሃፊዛ የጨረሰውን ላጥፋለት ብላ አንዱን የመኪና ጌም ከፈተች። ጌሙ የተጫዋቹን ስም እንድትጽፍ ጠየቃት። አንዴ የተጫወቱበት ጌም ስም ይዞ ይቆያል እንጂ አይጠይቅም። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ስም ጠየቃት። የኳሱንም፣ የጦርነቱንም፣ መጀመሪያ በመስቀል የወሰደውንም ሞከረች። ሁሉም እንደጫነችው ነው። አንዱም አልተነካም።

ታዲያ ይሄ ልጅ ማታ ማታ የት ነው የሚያመሸው?

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ሰፍያ ይህን ስትሰማ በእሳት ላይ ቤንዚን አርከፈከፈች። እንዳላስቀይምሽ ብዬ ነው እንጂ፣ ባለፈው ፋርማሲ ዳይፐር ሲገዛ አይቼዋለሁ አለች። ዳይፐር! ሚስት አለችው፣ ልጅም አለው፤ ሰፍያ እዚያው ቆማ ልጁን በወሬ ወልዳ አሳደገችው።

ሃፊዛ አልጮኸችም። ከሰዓት ሙስተፋ ላፕቶፑን ሊወስድ ሲመጣ የመኪናው ጌም እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። ትናንት እሱን ስጫወት አመሸሁ አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ደሟ ፈላ። ላፕቶፑን ሰጠችው፣ ቻርጀሩን ግን ሆን ብላ አስቀረች።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቻርጀሩን ይዛ፣ ሰፍያን አስከትላ ከገበያው ጀርባ ወዳለው የኪራይ ቤቱ ሄደች። ሴትዮዋን ካየች ምን እንደምትል መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረገችው።

ሙስተፋ ተንበርክኮ አንድ ሽማግሌን የቡላ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሰ ነው። ሽማግሌው አንገታቸው ላይ ፎጣ ታስሮላቸዋል። አልጋው ሥር የዳይፐር እሽግ አለ።

«አባቴ ናቸው» አለ፣ ማንኪያውን እንደያዘ።

«አባትህማ ገጠር ናቸው፣ ደህና ናቸው ያልከኝ አንተ ነህ።»

አልካደም። አባቱ አእምሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ብቻቸውን ከተተዉ ወጥተው ይጠፋሉ። ቀን ቀን ጎረቤት ትጠብቃቸዋለች፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እሱ ይረከባል። እህቱ ልትዳር ስትል የወንዱ ቤተሰብ ይህን ሰምቶ፣ እብደት በዘራቸው አለ ብሎ ጥሏት ሄደ።

«አንቺም ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ጌሙስ? ለምን ትገዛዋለህ?»

«ቅናሽ ባየሁ ቁጥር አንድ ቀን ጊዜ አገኛለሁ እላለሁ።» አባቱን አንድ ማንኪያ አጎረሳቸው። «ደግሞ ሌላ ምን ብዬ ልምጣ?»

ሚስት አለመኖሯን ስታይ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስም ብሏታል። ግን ተናደደች። ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ዋሽቷታል። ያመነችው አንድ ሰው እሱ ነበር።

«ዓርብ ሽማግሌዎችህ መጀመሪያ ይህን ይናገሩ» አለችው። «አንዷን ነገር ከደበቁ እምቢ የምለው እኔ ነኝ።»

«ወንድምሽ እምቢ ቢልስ?»

«እሱን ለኔ ተወው። አንተ ብቻ አትዋሸኝ።»

ሙስተፋ እሺ አለ። ሃፊዛ ማንኪያውን ከእጁ ወሰደችና በቦታው ተቀመጠች።

«በል አንዱን ክፈትና ተጫወት። እኔ አለሁ።»

ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። ስሙን እንኳ ሳይጽፍ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። በር ላይ የቆመችው ሰፍያ፣ አፏ ሥራ የማይፈታው ሴትዮ፣ በሻሿ ዓይኗን ጠረገች።

ሽማግሌው ሃፊዛን ትኩር ብለው አዩዋት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የሸምሱ ልጅ ነኝ፣ አባባ።»

ጥቂት ጎረሱና ረሱት። «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የሸምሱ» አለች አሁንም፣ አፋቸውን በፎጣው እየጠረገች።

አጥሚቱ ሊያልቅ ሲል እንደገና ጠየቋት። ሃፊዛ ዞራ ጥግ ላይ የተኛውን ልጅ አየችው። ጉልበቱ ላይ ቆርቆሮ የቀደደው ሱሪ ለብሷል፤ አፉን ትንሽ ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው።

«የእርስዎ ልጅ ነኝ» አለቻቸው።

«አዎ፣ አውቄሻለሁ» አሉና አፋቸውን ከፈቱላት።