ቀለም ያልያዘው ቦታ

ቀለሙን በጨርቅ ጠርጋ ስታነሳው የፍላጻው ዘንግ ላይ አራት ነጫጭ ቦታዎች ቀሩ።

ሚሊሜትር ጨርቁን ገልብጣ እንደገና ጠረገች። ቡናማው ቀለም ሌላውን ቦታ ሁሉ ሰርጎ ገብቶ የእንጨቱን መስመሮች አጉልቷቸዋል። አራቱ ቦታዎች ላይ ግን እንቢ ብሏል። ሁለተኛውን ዘንግ ቀባች፤ ያው ነው። ሦስተኛውም። ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመችና ቀሪዎቹን ሦስት ዘንጎች ሳትነካ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አጎቷ ከወዲያኛው ጠረጴዛ። አናጢ ናቸው፤ ከቤቱ ጓሮ የተያያዘው ወርክሾፕ የእሳቸው ነው።

«ይዩልኝማ ጋሼ።»

አጎቷ ዘንጉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት። «ቅባት ነው» አሉ። «ባዶ እንጨት ቅባት ከነካው ቀለም አይጠጣም። አንድ ሰው ወዛም እጁን አሳርፎበታል።»

ቅዳሜ ትምህርት ቤት የቀስት ውድድር አለ። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚወዳደሩት፤ እያንዳንዱ ሦስት ፍላጻ ይወረውራል። የስፖርት አስተማሪው የማይለውጡት አንድ ሕግ አላቸው፤ በገዛ እጁ ያልጨረሰውን ፍላጻ የሚወረውር የለም። ተወዳዳሪው ከመወርወሩ በፊት ፍላጻውን ይዞ ይቆምና እንዴት እንደሠራው ያስረዳል። ሚሊሜትር ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። የራሷንም የጥንዷንም፣ ስድስቱን ዘንጎች ከቁርጥራጭ ጣውላ መርጣ፣ በመላጊያ አክብባ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ እዚህ ያደረሰቻቸው እሷ ናት። የክፍሏ ልጆች ሚሊሜትር የሚል ስም ያወጡላት ያለ ነገር አይደለም።

«ሚጣ፣ ነይ እስቲ» አለች ሚሊሜትር።

ታናሽ እህቷ አሻንጉሊቷን ታቅፋ በሩ ላይ ብቅ አለች። የአሻንጉሊቷ ፀጉር በእናታቸው የፀጉር ቅባት ታሽቶ ያብረቀርቃል። ሚሊሜትር ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

«በዚያ እጅሽ ዘንጎቼን ነክተሻል አይደል?»

«አልነካሁም።»

«ወርክሾፕ አትግቢ አላልኩሽም?»

«አልገባሁም አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ማን ነው? አሻንጉሊትሽ ናት? ሁለተኛ እዚህ በር ላይ ድርሽ ብትዪ ፀጉሯን ነው የምላጭልሽ።»

ሚጣ አሻንጉሊቷን ደረቷ ላይ አጣበቀቻት። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ውጭ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

አጎቷ ዘንጉን ለሚሊሜትር መለሱላት። «ለካሽው?» ብቻ አሏት።

ቃሉ ቆነጠጣት። ጣቶቿን በነጫጮቹ ቦታዎች ላይ አሳረፈች። ከእሷ ጣቶች እንኳ ይሰፋሉ፤ የሚጣ ጣቶች ደግሞ ግማሻቸውን አይሸፍኑም። ዘንጉን ዓይኗ አጠገብ አምጥታ አየችው። የመሃል ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ነጩን ለሁለት የሚከፍል ቀጭን ቡናማ መስመር አለ። እዚያች ላይ ብቻ ቅባቱ እንጨቱን አላገኘውም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ላይ ይህችው መስመር አለች።

ቀለበት።

ሚሊሜትር ባወቀችው ነገር ገና ሳትናደድ የግቢው በር ተከፈተና ድምፅ ከባለቤቱ ቀድሞ ገባ። «ጋሼ እንዴት ዋሉ፣ ኧረ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሚጣዬ ምነው አኮረፍሽ፣ ማን ነካብኝ...»

ሬዲዮ የሚሏት የውድድር ጥንዷ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የተማሩት። ስታወራ የመሃል ጣቷን ቀጭን የብረት ቀለበት ማዞር ልማዷ ነው፤ አሁንም እያዞረችው ነው።

«ትናንት እዚህ መጥተሽ ነበር?» አለች ሚሊሜትር።

«እኔ? ኧረ ትናንት ከቤት ንቅንቅ አላልኩም፣ ያ የሒሳብ የቤት ሥራ አናቴን ሊያዞረው...»

«እጅሽን አምጪ።»

«ምነው፣ ልታጪኝ ነው?»

ሚሊሜትር አልሳቀችም። ዘንጉን አስያዘቻት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ በነጫጮቹ ቦታዎች ላይ አሳረፈችላት። አራቱም ልክ ገቡ። ቀለበቱ መስመሯ ላይ ቁጭ አለ።

ሬዲዮ ዓይኗን ወደ ደረጃው ወረወረች።

«እኔ አልነገርኳትም» አለች ሚጣ ከደረጃው ላይ፣ ፊቷን ሳታዞር። «አትናገሪ ስላልሽኝ አልተናገርኩም። አሻንጉሊቴን ልትላጫት ነው፣ ያኔም አልተናገርኩም።»

የሚሊሜትር ንዴት በአንዴ በሁለት በኩል መጣባት፤ የትኛው በሬዲዮ ላይ፣ የትኛው በራሷ ላይ እንደሆነ መለየት አቃታት። በሬዲዮ ላይ መናደዱ ስለቀለላት እሱን መረጠች።

«ለምን?» አለች።

«ቪዲዮ ልቀርጽ ነው የገባሁት። ክሬም ተቀብቼ ነበር፣ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም።» ሬዲዮ ቀለበቷን ማዞር ትታለች። «አባቴን ታውቂው የለ። ጀምረሽ የጨረስሽው ነገር ካለ አሳዪኝ ነው የሚለኝ፣ ሁልጊዜ። እያንዳንዱን እያነሳሁ በቪዲዮው አሳየሁት። ስድስቱንም ብቻዬን ሠራኋቸው አልኩት። ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አሳይቷቸዋል። ቅዳሜ ሊያየኝ ይመጣል።»

«ስድስቱንም?»

«ብቻዬን ነው ማለቱን እተወዋለሁ እሺ። አስተማሪው ሲጠይቁ አንቺም አብረን ነው የሠራነው በዪልኝ። ለአንድ ቀን።»

«አብረን? እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ ስትለፈልፊ ነው አብረን?»

«ሌላ ምን ሥራ ተረፈኝ ታዲያ?» የሬዲዮም ድምፅ ከፍ አለ። «መቼ ሰጠሽኝ? የብርጭቆ ወረቀቱን በያዝኩ ቁጥር እንዲህ አይደለም ብለሽ ከእጄ ትነጥቂኛለሽ። አንዴ እንኳ አስጨርሰሽኛል?»

ሚሊሜትር እጇ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ጨመቀችው፤ ቡናማ ቀለም በጣቶቿ መሃል ወረደ። ሲዋሽ የተያዘ ሰው እውነት ሲናገር እንደመስማት የሚያናድድ ነገር አልነበረም።

አጎቷ ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ጣሳ አውርደው መሃላቸው አስቀመጡ። «እነዚያን ያልተቀቡትን በቲነር ጠርጎ ቀለል አድርጎ ማሸት ይበቃል። የተቀቡት ግን ዥጉርጉር እንደሆኑ ይቀራሉ። እንዳትፍቂያቸው ይቀጥናሉ፤ የቀጠነ ዘንግ አቅጣጫውን ይስታል። ይሄ ጥቁር ቀለም ነው፤ ብትደርቢበት ማንም አያየውም።»

ሚሊሜትር የጣሳውን ክዳን ከፈተች። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ለስላሳ ቀለም ነው። አንድ ጊዜ ቢቀባ ዘንጎቹ ያለ አንድ እንከን ያምራሉ። ከዚያ አስተማሪው ፊት ስትቆም ታያት፤ መጀመሪያ እንዲህ አደረግሁ፣ ቀጥሎ እንዲህ፣ ከዚያ በጥቁር ሸፈንኩት...

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። «ይቅር ጋሼ። እንዳለ ይታይ።»

ያልተቀቡትን ሦስት ዘንጎች አንስታ ሬዲዮ እጅ ላይ ልታስቀምጥ ስትል ቆመች። «መጀመሪያ ታጠቢ። እነዚህ ያንቺ ናቸው። እስከ መጨረሻው።»

«አባቴስ?»

«አባትሽ እኔን አይጠይቀኝም፣ አንቺን ነው። ስድስት በዪው፣ ሦስት በዪው፣ ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔ ስለ ሦስቱ ብቻ ነው የምናገረው። ነጩ ምንድን ነው ካሉኝም ቅባት ነው እላለሁ።»

«የማን ቅባት?»

ሚሊሜትር ሳሙናውን አቀበለቻት። ሬዲዮ ወደ ቧንቧው ሄደች።

ሚሊሜትር በሩ ላይ ወጣች። ሚጣ አሁንም ጀርባዋን እንደሰጠች ናት።

«አንቺ አይደለሽም» አለቻት። «ሳላይ ነው የተናገርኩት።»

ሚጣ የአሻንጉሊቷን ፀጉር በጣቷ አበጠረች።

«ታጥበሽ ነይ። ቫርኒሽ ስቀባ ዘንጉን የሚያዞርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«አትግቢ ብለሽ የለ።»

«አሁን ግቢ አልኩሽ።»

ሚጣ አሰበችበት። «እሷስ?» አለች አሻንጉሊቷን እያሳየች።

«እሷ ደረጃው ላይ ትጠብቅ።»

ቀለሙ ሲደርቅ ሚሊሜትር ነጫጮቹን ቦታዎች በቲነር ጠረገች፤ ቫርኒሹ እንዲይዝ ብላ እንጂ ምልክቱ እንዲጠፋ ብላ አልነበረም። ሚጣ ዘንጉን በሁለት ጫፉ ይዛ ቀስ እያለች አዞረች። ቫርኒሹ ሲያልፍባቸው አራቱ ጣቶች ይበልጥ ጎልተው ወጡ። ሚሊሜትር ባየቻቸው ቁጥር ንዴቷ ይመለስባታል።

ከጎኗ ሬዲዮ ዘንጎቿን ታሻለች። ከእንጨቱ መስመር ጋር ሳይሆን አግድም ነው የምታሸው። ጭረቶቹ ከዚህ ይታያሉ፤ ቀለም ሲነካቸው ደግሞ ይብሳሉ። የሚሊሜትር እጅ ሳታዘው ተነስቶ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ሄደ።

ሬዲዮ የመጣውን እጅ አየች። ማሸቷን አቆመች፤ ወረቀቱን ግን አልለቀቀችም።

«በመስመሩ ተከተይው» አለች ሚሊሜትር፣ እጇን ወደ ብሩሹ እየመለሰች። «ካንቺ ወደ ውጭ።»